ያልተመለሱት ጎማዎች

ዋርሳዋን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብላ አፏን ሞልታ አትናገርም። የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከብስክሌት ዕቃ ሱቋ በስተጀርባ ባለችው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የብስክሌት ጎማ ሲሠሩ ኖረዋል። አግብተው ነበር ይባላል፤ ማንን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጡና ሲያስነጥሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞሩ ግን ታውቃለች። ሰፈሩ «ጋሽ ቃኚ» ይላቸዋል። የጎማውን ሽቦዎች ከቸርኬው፣ ከክብ ብረቱ፣ ጋር አያይዘው ሲያበቁ፣ በጥፍራቸው እየመቱ ያዳምጣሉና። የላላው ያጉረመርማል፣ የጠበቀው ይጮኻል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ እስኪሰጡ በትንሿ ቁልፍ ይጠመዝዛሉ።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ደስታውም ሐዘኑም እንደ ጎረቤት ወሬ ከግድግዳ ወዲያ ነበር የሚሰማት። አከፋፋዩ በማሽን የተሠሩ ጎማዎች በካርቶን ጭኖ ሲመጣም አልከፋትም፣ ደስም አላላትም።

«እሳቸው አንዱን ሠርተው እስኪጨርሱ ማሽኑ አገር ያዳርሳል» አለ አከፋፋዩ።

«ሲላላስ?»

«ከላላማ አምጥተው ይወረውሩልሻል! ደንበኛ እንደሆነ አያፍርም።»

ክረምቱ እስኪያልፍ ሸጣ ልታየው ወሰነች። ላልቶ የሚመለስ ከበዛ የማሽኑ ጎማ ይቀራል፤ ካልተመለሰ ግን መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ ለመደርደሪያ ይለቀቃል። ለጋሽ ቃኚ ራሷ ነገረቻቸው።

«እሺ» አሉ።

ሌላ ነገር ይጨምሩ እንደሆነ ቆማ ጠበቀች። ካርቶኖቹ የት ይቀመጡ እንደሆነ ጠየቋት። ሌላ ቦታ ስላልነበረ እሳቸው ክፍል ተደረደሩ።

ክረምቱ አለፈ። አንድም ጎማ አልተመለሰም። አናጺው መጥቶ መስኮቱ ሥር ሲለካ ጋሽ ቃኚ የሜትሩን ጫፍ ያዙለት። እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ የሆነ ነገር ልቧን ቆንጠጥ እንዲያደርጋት ጠበቀች። ምንም የለም።

በማግስቱ አከፋፋዩ አዲስ ካርቶን ተሸክሞ ገባ።

«አንቺ፣ ደንበኞችሽን ምን አስነክተሻቸው ነው? ሌላው ሱቅ ሁሉ ወር ሳይሞላው ጎማው እየተንገዳገደ ተመለሰብን ብሎ ስልኬን አቃጥሎታል። ካንቺ ብቻ ወቀሳ የለም!»

«ያንተ ምርቃት ይሆናላ» አለችው፣ ሳትስቅ።

ሲሄድ ካርቶኑን ራሷ ወደ ኋላ ወሰደችው። ጋሽ ቃኚ ከእጇ ተቀብለው፣ መቆሟን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ ከፈቱት። አንድ ጎማ አውጥተው ሽቦዎቹን መቱና ፊታቸውን አኮማተሩ። ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ሽቦዎች ጨብጠው አጥብቀው ጨመቁ። እንደ ጣት አንጓ «ቋ» አለ። ከዚያ ቁልፏን አነሱ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ማሽኑ ሲያጠብቀው ሽቦው ራሱ ይጠማዘዛል። እዚህ ካላፍታቱት መንገድ ላይ ይፍታታል፤ ያኔ ጎማው ይላላል።»

«ሁሉንም እንዲህ ሲያደርጉ ነው የከረሙት?»

«ሁሉንም።»

አንዱ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። አናጺው በእርሳስ ያሰመረው መስመር ከመስኮቱ ሥር ይታያል።

«ጋሼ፣ በግልጽ ነግሬዎት ነበር እኮ። ላልተው ቢመለሱ ቦታው የእርስዎ ነበር። በገዛ እጅዎ ራስዎን አስወጡ!»

«ነግረሽኛል። አልነገርሽኝም አላልኩም።»

«ታዲያ ቢተዉት ምን ነበረበት?»

«ብስክሌቱ ላይ ሰው ይቀመጣል።»

ተናደደች ማለት አይቻልም፤ ግን ድምፅዋ ከፍ ብሎ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«አናጺው ከሰዓት መደርደሪያውን ይዞ ይመጣል። በር ላይ እመልሰዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ እዚህ መቆየት ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?»

ጋሽ ቃኚ ቀጣዮቹን ሁለት ሽቦዎች ጨብጠው ቀና ብለው አዩዋት።

«ጥያቄሽን እንኳ አልመልስልሽም፣ እቴ።»