ዶሮዋ የበላችው ባቄላ

ባሌ ቅዳሜ ማታ ከጭልሞ ጫካ ሲመጣ ከእሱ ቀድሞ ቤት የሚገባው የእንጨት ብናኝ ሽታው ነበር። ጫካው ውስጥ ግንድ ይሰነጥቃል። የሳምንት ደመወዙን እጄ ላይ ያኖርና «በይ እንግዲህ» ይለኛል። ሌላ ነገር አይጨምርም። እሑድ ማታ ተመልሶ ሲሄድ አማቴ፣ አምስት ልጆቼና እኔ እንቀራለን። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ነፍስ የሚያድረው በዚያች ብርና በእኔ ብልሃት ነው።

የምንኖረው ጊንጪ ነበር፤ ዘመኑ የንጉሡ ነው። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁኝ ስንቆዝም የኖርን ይመስላቸዋል። እኔ ግን ሳስታውሰው ልቤ ይዘላል። ከሳምንቱ ጋር ግብግብ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ሳምንቱን የምጥለው እኔ ነበርኩ።

ገበያ በጠዋት አልወጣም። በጠዋት የሚወጣው ገንዘብ ያለው ነው። እኔ የምወጣው ከደንዲ የመጡት ገበሬዎች ፀሐይዋን ቀና ብለው እያዩ አህዮቻቸውን መጫን ሲጀምሩ ነው። በዚያ ሰዓት ገበሬው የቀረችውን እህል ተሸክሞ ከመመለስ በርካሽ ጥሎልኝ ቢሄድ ይሻለዋል። ከጆንያው ሥር የፈሰሰውን ጥርጊ ደግሞ ማንም አይፈልገውም፤ እኔ እፈልገዋለሁ። ቤት ወስጄ አበጥረዋለሁ፣ ጠጠሩን እለቅማለሁ፣ አጥቤ አሰጣዋለሁ። ጤፉን ከዘንጋዳና ከበቆሎ ጋር ቀላቅዬ አስፈጫለሁ። ዘይት የምለካው በጠርሙስ ቆርኪ ነበር፤ ለአንድ ድስት አንድ ቆርኪ። አማቴ አንድ ቀን ወጡን ቀምሳ «ይቺ ሽሮ ዘይትን በስም ብቻ ነው የምታውቀው» አለች። እውነቷን ነው። ሳቅን፣ ሽሮዋን ግን ድስቱን ጠርገን በላናት።

ቤቴ ውስጥ አንድ ሕግ ነበር፤ የቆረሰ ሰው የራሱን ድርሻ የሚያነሣው በመጨረሻ ነው። ዳቦም ይሁን ቂጣ፣ ድንችም ይሁን። ተራው የደረሰው ልጅ ይቆርሳል፣ ሌሎቹ መርጠው ያነሣሉ፣ ለእሱ የተረፈችው ትደርሰዋለች። የበኩር ልጄ ቢላዋውን ሲይዝ ማየት ነበር። እንደ መሬት ቀያሽ በጣቱ ይለካል፣ አንዱን ዓይኑን ይጨፍናል፣ ዞሮ ከወዲያ በኩል ያያል። እኅቱ «እስኪሻግት ነው የምንጠብቅህ?» ትለዋለች። እሱ ግን አይቸኩልም፤ ትንሿ ቁራሽ የማን እንደምትሆን ያውቃታል። ለወንድ ይህን ያህል፣ ለሴት ይህን ያህል የሚባል ነገር እኔ ቤት አልገባም። ባሌም ቢሆን ቅዳሜ ከቆረሰ በመጨረሻ ያነሣል። አማቴ መጀመሪያ ይህን ስታይ ልጄን አዋረድሽው ብላ አኮረፈችኝ። ሰንበት ብላ ግን ለእሷም የሚደርሳት ቁራሽ ከማንም እንደማያንስ ስታይ ኩርፊያዋን ተወችው።

እንዲህ አድርገን ከሁሉ ነገር እንደርስ ነበር፣ ከሥጋ በቀር። በሰፈራችን ለፋሲካ ቅርጫ ይገባል። አባወራዎቹ ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፣ ያርዱና ሥጋውን በየመደቡ ይከፋፍሉታል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣልና እያንዳንዱ የወጣለትን መደብ ይዞ ይሄዳል። የአንድ መደብ ዋጋ ለእኛ ቤት የማይታሰብ ነበር። አንድ ፋሲካ ትንሿ ልጄ አጥሩን ተደግፋ የጎረቤቱን ጥብስ ስታሸት ቆየችና ወደ እኔ መጥታ «እማዬ፣ ሥጋ ጨው ይገባበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። አታውቅም። እኔ የወለድኳት ልጅ ሥጋ ጨው ይግባበት አይግባበት አታውቅም።

በሚቀጥለው ፋሲካ ጨውን በገዛ እጇ ታደርግበታለች ብዬ ለራሴ ማልኩ።

በመስቀል ማግስት ሁለት ጎረቤቶቼን ጠራሁ። አንዷ ጥጥ እየፈተለች የምታድር ባልቴት ናት። ሌላዋ ጠላ ጠማቂ ናት፤ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላታል። ሦስታችንም ብቻችንን መደብ መግዛት አንችልም። ስለዚህ በየቀኑ ከምናበስለው እህል አንዳንድ እፍኝ እየቀነስን በአንድ ማሰሮ እናጠራቅም፣ ለፋሲካ ሸጠን አንድ መደብ ለሦስት እንግባ አልኳቸው። በአሳቡ ወዲያው ተስማሙ። የተጣሉት በእፍኙ ነው። የአዴ መዳፍ ሰፌድ ያህላል፤ ፈታይዋ የልጅ እጅ ነው ያላት።

«እጄ ስለሰፋ ልቀጣ ነው?» አለች አዴ።

«እኔስ የእግዜር ሥራ ላስረዝመው ነው?» አለች ፈታይዋ።

ተነሥቼ አፏ የተሸረፈ ሲኒ አወረድኩ። እፍኝ ቀርቶ በየቀኑ አንድ ሲኒ ሆነ፣ ሲኒዋም በሦስታችን ቤት ትዞር ጀመር። ሐሙስና ዓርብ፣ የሳምንቱ እህል ሊያልቅ ሲል፣ ያቺ ሲኒ ታፈጥብኝ ነበር። አማቴ ንፍሮው አነሰ እያለች ታጉረመርማለች። እኔ ግን ማሰሮውን ከፍቼ ባየሁ ቁጥር እህሉ ወደ አፉ እየተጠጋ ነው። ባቄላ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ አተር፣ ሁሉም በአንድ ላይ። አንዱ ሞልቶ ሁለተኛ ማሰሮ ስንጀምር አዴ በደስታ ጨፈረች። ለሆሳዕና ሳምንት እህል ሲወደድ አውጥተን ሸጥነው፣ የአንድ መደብ ዋጋ ሞላ። ከማሰሮው ሥር አንዲት ባቄላ ተጣብቃ ቀረች። እሷን በመቀነቴ ጫፍ ቋጠርኳት፤ ለዕጣ ምልክታችን ትሁን ብዬ ነው።

ቅርጫውን የሚሰበስበው አንድ ባለሱቅ ነበር። ሰብሳቢም እሱ፣ ሥጋ ቆራጭም እሱ፣ የሚታረደውም እሱ ግቢ ነው። ገንዘቡን ይዘን ስንሄድ ከላይ እስከ ታች ገረመመን። ቅርጫ የአባወራ ነው፣ ሦስት ሴት አንድ መደብ ላይ ተንጠልጥላችሁ ስትጣሉ ማን ሊዳኛችሁ ነው አለን። ገንዘቡ ከአባወራ ገንዘብ ይጎድል እንደሆነ ይቁጠሩት አልኩት። ቆጠረ፣ አልጎደለም። በኪሱ ከተተና ዕጣ ውስጥ መግባት አያስፈልጋችሁም፣ የእናንተን እኔ ለብቻ አዘጋጅላችኋለሁ አለን። ዕጣችንን ይዘን እንመጣለን ብዬው ወጣሁ።

የፋሲካ ዕለት ጎህ ሲቀድ ግቢው ሞልቷል። በሬው ታርዶ ተገፏል። ባለሱቁ እጅጌውን ሰብስቦ በኮባ ቅጠል ላይ መደቦቹን ይደረድራል፤ ሽንጡም፣ ጎድኑም፣ ጉበቱም፣ ጨጓራውም ከየዓይነቱ ለየመደቡ። አንድ መደብ ግን ከሰልፉ ርቆ አጥሩ ሥር ብቻውን ተቀምጧል። ቀረብ ብዬ አየሁት። አንገት፣ ሳንባና አጥንት ነው። ባለሱቁ በቢላዋው ጫፍ እያመለከተ ያኛው የሴቶቹ ነው አለ። አዴ ጎንበስ ብላ አየችና «ይህስ የውሾቹ ቅርጫ ነው፤ የእኛን አሳየን» አለችው።

የስድስት ወር ሲኒ ነው እዚያ የተቀመጠው። ደሜ ፈላ። ቅጠሉን በሁለት እጄ ይዤ እየጎተትኩ አመጣሁና ከሌሎቹ መደቦች ጋር አሰለፍኩት። ከዕጣው ይግባ፣ ለማን እንደሚወጣ እግዜር ያውቃል አልኩ። ባለሱቁ ከጎኔ ወደ ቆመው ባሌ ዞሮ ሚስትህን አትይዝም ወይ አለው። ባሌ ዓይን አፋር ነው፣ በሰው ፊት ድምፁ አይሰማም። ያን ቀን ግን «እህሉን በሲኒ የሰፈረችው እሷ ናት። እኔ ምን አግብቶኝ?» አለ። አባወራዎቹም እኩል ከከፈሉ እኩል ዕጣ ይግቡ ብለው አጉረመረሙ። ባለሱቁ ተሸነፈ።

ዕጣ የሚጥለው ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ነው። በሬውን የሸጡት የደንዲ ሽማግሌ በሬ እንጂ ገመድ አልሸጥኩም ብለው ገመዳቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበርና እሳቸውን ለመንናቸው። «ሀያ፣ እሺ» ብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ሁሉም ምልክቱን ባርኔጣ ውስጥ ጣለ፤ ማን አዝራር፣ ማን የወይራ ቅጠል፣ ማን የክብሪት እንጨት። ባለሱቁ የሱቁን ቁልፍ ጣለ። እኔ መቀነቴን ፈትቼ ባቄላዋን ጣልኳት። ሽማግሌው ተመልሰው ባርኔጣውን ተቀበሉና ከጫፍ ጀምረው በየመደቡ ላይ አንዳንድ ምልክት እያኖሩ ሄዱ። እጄን በነጠላዬ ውስጥ ጨብጬ ቆምኩ። የአጥንቱ መደብ ላይ ደረሱ።

ቁልፉን አኖሩበት።

ባቄላዋ የወጣችው ሁለት መደብ አልፎ፣ ወፍራም ሽንጥ የተጋደመበት መደብ ላይ ነው። ፈታይዋ ክንዴን ይዛ ልትገነጥለው ደረሰች። ልክ ያን ጊዜ ከበረቱ ጥግ አንዲት ቀይ ዶሮ፣ እንዴት ከሌሊቱ ቢላዋ እንደተረፈች እንጃ፣ እየሮጠች መጣች። በመደቦቹ መካከል ሽው ብላ ባቄላዋን ብድግ አድርጋ ዋጠቻትና ሄደች።

ከዚያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ቀጠለ። ባለሱቁ ብቻ አልሳቀም። ቁልፉ የት እንዳረፈ አይቷል። ዕጣው ተበላሽቷል፣ እንደገና ይጣል አለ።

«ዶሮዋ የበላችው ባቄላዋን ነው፤ መደባችንን አልበላችም» አልኩት። «ሁሉም ምልክቱን ያንሣ። ምልክት የሌለው የእኛ ነው።»

ባቄላዋ እዚያ ላይ እንደነበረች ማን ያውቃል አለ። ሽማግሌው ገመዳቸውን እየጠቀለሉ ቀና አሉ። «እኔ ነኝ ያኖርኳት» አሉት። «ዶሮዋ ግን የማን ናት?»

ዶሮዋ የባለሱቁ ነበረች። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ ግን ከአቋሙ ፍንክች አላለም፤ ምልክት ከጠፋ ዕጣ ይደገማል፣ ደንቡ ነው እያለ ይምላል። አንዳንዶቹም ራሳቸውን በአዎንታ መነቅነቅ ጀመሩ። መደባችን ከእጄ ሊወጣ ነው። ያን ጊዜ የቤቴ ሕግ ትዝ አለኝ።

«እሺ፣ ይደገም» አልኩ። አዴ አበድሽ ወይ ብላ በክርኗ ወጋችኝ። «ይደገም፣ ግን ያለ ዕጣ። እኔ ቤት ልጆቼ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ሰው ሁሉ ተራ በተራ መርጦ ያንሣ። የቆረጠው ሰው በመጨረሻ ያነሣል።»

ሁሉም መደቦቹን አየ። ከዚያ ባለሱቁን አየ። በመጨረሻ የሚቀረው መደብ የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ግቢው ውስጥ አልነበረም። እሱም ያውቃል፤ በገዛ እጁ ነው የመደበው። ላቡን ጠረገ። ቀስ ብሎ ሄዶ ቁልፉን ከአጥንቱ ላይ አነሣና ኪሱ ከተተ። በቃ፣ ሁሉም የወጣለትን ያንሣ አለ።

እልልታዬ እስከ ማርያም ሳይሰማ አልቀረም። መደባችንን አንሥተን ልንወጣ ስንል ግን እግሬ አልሄድ አለኝ። የባለሱቁ ልጆች በረንዳው ላይ ቆመው ያንን አጥንት ያያሉ። እኔ እኩል ይሁን ብዬ ነው የጮህኩት፣ ያ ደግሞ እኩል አይደለም። ከመደባችን አንድ ጎድን አወጣሁና ሄጄ እሱ መደብ ላይ ጣልኩ። ፈታይዋ ቆነጠጠችኝ። «የልጆቻችንን ነው እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ አባወራዎቹን ቆሜ እያየሁ ጠበቅኩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እየተሳቀቁ ከየመደባቸው አንዳንድ ብልት ጣሉለት። ባለሱቁ አላመሰገነኝም። «አንቺ ሴትዮ ጉድ ነሽ» ብቻ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ዕጣው ከመጣሉ በፊት ጠርቶ መደቦቹን አሳየኝ፤ አንዱም ከአንዱ አይለይም። እኔም ዶሮዋን አልረሳሁም፣ ለዕጣ ይዤ የሄድኩት የዘይት መለኪያ ቆርኪዬን ነበር።

የዚያን ዕለት እኔ ቤት ደጃፍ ላይ መደባችንን ለሦስት ከፈልነው። ቢላዋውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንደ በኩር ልጄ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ዞሬ ከወዲያ በኩል እያየሁ ከፈልኩ። አዴ መረጠች፣ ፈታይዋ መረጠች፣ የቀረውን አነሣሁ። አማቴ ከሩቅ ሆና ስትከታተል ቆይታ «የቱ እንዳነሰ ዓይኔ መለየት አቃተው» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ብዙ ነው።

ሥጋው ምድጃ ላይ ሲንጫጫ ልጆቼ ከበውኝ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ይንጠራራሉ። ትንሿን ወደ ፊት አወጣኋትና የጨዉን ዕቃ ሰጠኋት። በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ በተነች፣ ፊቴን አየች፣ ደግማ በተነች። ማንም እንዲያስቆማት አልፈቀድኩም። ጨው በዝቶበት ከንፈራችንን እያቃጠለን፣ በየጉርሻው ውሃ እየተጎነጨን፣ እየሳቅን በላነው።