ለተርቧ ያዘነችው እናቴ

እናቴ ዛሬ ለአንዲት ተርብ አዝና የልጅ ልጇን የመመረቂያ ጥናት ልታበላሽ ነበር።

የእህቴ ልጅ ሄለን ባዮሎጂ ትማራለች። ፀዳ ሰፈር ባለው ግቢያችን መሬት ቆፍራ የምትኖር ተርብ አግኝታ፣ ተርቧ እንድትለምዳቸው ጉድጓዷን በድንጋዮች ከብባ ሰነበተች።

ዛሬ ተርቧ ስትወጣ ጠብቃ ድንጋዮቹን ወደ ጎን አዛወረቻቸው። ተርቧ ቤቷን የምታውቀው በምልክት ከሆነ ትሳሳታለች፣ በጠረን ከሆነ አትሳሳትም።

ተርቧ ተሳሳተች። ድንጋዮቹ መሐል ባዶ መሬት ትፈትሽ ጀመር።

ሄለን ካሜራ ልታመጣ ስትገባ እናቴ ድንጋዮቹን ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው።

«ምነው እማዬ፣ ለምን ነካሽው?» አለቻት ሄለን ተመልሳ።

«ቤቷን አጥታ ስትንከራተት ቁጭ ብዬ ልይ?»

ሄለን ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ተርቧ ግን ዐይናችን እያየ ጉድጓዷ ገባች።

«ምልክቱ ሲመለስ እሷም ተመለሰች። ይኼንንም ጻፊው» አልኳት።

«ማን መለሰው ልበል?»

«ረዳት ተመራማሪ።»

እናቴ አልሳቀችም። ከፒያሳ ወደ ፀዳ የተዛወርን ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ባጃጁን የምታስቆመው የድሮው ቤታችን በር ላይ ነበር። እኛ እንስቅባት ነበር እንጂ ድንጋይ የመለሰላት የለም።

እናንተስ፣ ቤት ከቀየራችሁ በኋላ እግራችሁ የድሮው ደጅ አድርሷችሁ ያውቃል? ማን ከፈተላችሁ?