የወይዘሮ እንቁ ጨረር

ወይዘሮ እንቁ ቡሬ ገበያ በርበሬ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ከበርበሬያቸው ይልቅ ምላሳቸው ያቃጥላል ይሏቸዋል፤ እሳቸውም አይቀየሙም።

ልባቸው ግን ከዳቸው። ድንገት እንደ ወፍጮ ሞተር እየበረረ ይጥላቸው ጀመር። አዲስ አበባ ሐኪሞች ደረታቸው ላይ፣ ከቆዳ ሥር፣ አንዲት መሣሪያ ቀበሩላቸው፤ ልብ ሲሸፍት በኤሌክትሪክ መትታ ትመልሰዋለች። አመታቷ ታዲያ የበቅሎ እርግጫ ነው። የጎረቤታቸው የአቶ ገብረሰንበት ቀብር ላይ መታቻቸውና «ወይኔ!» ብለው ዘለው ወደቁ። ከሟቹ ጋር በአጥር ነገር አሥር ዓመት ተኳርፈዋል፤ ቤተሰቡ ግን «እንደ እርስዎ ያዘነለት የለም» ብሎ እስከ ሰልስቱ ከፊት አስቀመጣቸው። እሳቸውም አልካዱም።

እርግጫው በሳምንት ሦስቴ ሲሆን ቀልዱ አለቀ። መድኃኒቱም፣ በደም ሥር ሽቦ አስገብቶ ልብን መተኮሱም አልያዘላቸውም። ልጃቸው ህይወት ሕንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣

«ልብዎ ላይ የሚያስቸግር ጠባሳ አለ። ለካንሰር የምንጠቀምበትን ጨረር እዚያች ቦታ ላይ ብቻ እናነጣጥራለን። አዲስ ሕክምና ነው፤ ይድናሉ ብዬ አልምልልዎትም» አላቸው።

«ቢላዋ አለው?»

«የለውም። ግን ሳይነቃነቁና ሳያወሩ ግማሽ ሰዓት ይተኛሉ።»

«እኔን የሚያሰጋኝ ወሬው ነው» አለች ህይወት።

ትንፍሽ ሳይሉ ተኙ። በሁለት ወሩ እርግጫው ጋብ አለላቸው።

ቡሬ ላይ ግን «እንቁ ጨረር ይዛ መጣች!» የሚለው ወሬ ቀድሟቸው ነበር። ከሰውነታቸው የሚወጣ ነገር እንደሌለ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ይህን ለማንም አልተነፈሱም። ሚኒባስ ውስጥ ጎናቸው ለሚቀመጠው ሰው «ለእኔስ ግድ የለም፤ ላንተ ፈርቼ ነው» ይሉታል። ሰውየው ይነሣል፤ እሳቸው በሁለት ወንበር ተንፈላሰው ፍኖተ ሰላም ይገባሉ።

አንድ ቀን ማንኩሳ ላይ ናዚፋ ተሳፈረች። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ በገበያው በነገር የምትችላቸው እሷ ብቻ ናት። ሄዳ ልጥፍ አለችባቸው።

«አልሰማሽም እንዴ፣ ጨረሩን?»

«ሰምቼ ነው እንጂ! ወገቤን ብርድ ይዞኛል፤ እስቲ አሙቂኝ።»

ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም አልቻሉም፤ እየሳቁ ቦታ ለቀቁላት። ፍኖተ ሰላም ሲደርሱ ናዚፋ ቀና ብላ ወረደችና «ወይ ተአምር፣ ወገቤ ተፈታ!» ብላ ጮኸች።

በሳምንቱ በርበሬ መደባቸው ፊት ሦስት ሴቶች ወገባቸውን ይዘው ተሰልፈው ጠበቋቸው። ወይዘሮ እንቁ ያን ጊዜ ደነገጡ። ጨረር የሚባል ነገር እንደሌላቸው ማሉ፣ ተገዘቱ።

«ኧረ እትዬ፣ አይሰስቱብን» አለች አንዷ፣ ጀርባዋን እያዞረች።