ካሤ ለልጁ የሠራው ጠረጴዛ

«ሰጋቱራ ልታበላኝ ነው ወይ? ምን በደልሁህ? እስቲ ይሄን ዱቄት እይልኝ! እይልኝማ!»

ወለተ ሰንበት ወንፊቷን ባሏ አፍንጫ ሥር ይዛ ትጮሃለች። ባሏ ካሤ ማድ ቤቱ መሀል ጣውላ ላይ ተቀምጦ መጋዙን ይሞርዳል።

«ዱቄት አይደለም እሱ?»

«ግማሹ ነው ዱቄት!»

«እንግዲያ ግማሹን ጋግሪው።»

እኔ ጎረቤት ነኝ፤ አጥሩን ተደግፌ ነበር የምሰማ። መስማት አልተከለከለም።

ካሤ እዚህ ሰቆጣ ወፍጮ ቤት ሲሠራ ያረጀ ሰው ነው። ወፍጮው ሲበላሽ የሚፈታውም የሚገጥመውም እሱ ነው። አንዳንዴ ብሎን ይተርፈዋል፤ ወፍጮው ግን ይሄዳል። ስለዚህ በእጁ የማይሠራ ነገር ያለ አይመስለውም። አንድ ጊዜ የገዛ ሱሪውን ሰፍቶ ነበር። መቀመጥ አልተቻለበትም እንጂ ቆሞ ለማስቀደስ ደህና ሱሪ ነበር።

ልጁ ዓይናዲስ ለጽጽቃ አገር ሰው ታጨች። የእጮኛዋ አባት አቶ መንግሥቴ ከብቱም ፍየሉም የሞላቸው፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ካሤ ደግሞ ለልጁ የሚሰጣት ነገር የለውም። ለሽምግልና ሲመጡ ግን አፉ አላረፈ። «ልጄ ባዶ እጇን አትመጣም፤ በእጄ የሠራሁት የምግብ ጠረጴዛ ይዛ ነው የምትገባ» አለ። እነሱም «እንግዲያ የሠርጉን ቀን ልንቆርጥ ስንመጣ እዚያው ላይ እንበላለን» ብለው ሄዱ። ስለዚህ ነገሩ የጠረጴዛ ብቻ አልነበረም። ልጅቱ አማቶቿ ቤት አንገቷን ቀና አድርጋ ትግባ ወይ ደፍታ ትግባ፣ በዚያ ጣውላ ላይ ነበር ያረፈው።

ዓይናዲስ ስልኳ ላይ ፎቶ አሳየችው። ሰፊ ጠረጴዛ ነው፤ ዙሪያውን ሰው ተቀምጧል፤ ሁሉም ፊት የየራሱ ሰሃን አለ። ካሤ ስፋቱን ወደደው። ሰዎቹ ትሪያቸውን የት አደረጉት ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁ፤ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምሁ፣ እዚያ አልደረስንም።

የጠረጴዛውን እግሮች ደግሞ ወደ ውስጥ አስገብቶ መሀል ላይ ሰበሰባቸው። ለምን ስለው «የሽማግሌ ጉልበት እንዳይመታ» አለኝ። አሳቢ ነው። ቫርኒሽ ሲቀባው፣ እውነት ለመናገር፣ አማረ። ወለተ ሰንበት ራሷ ዱቄቷን ረስታ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውለው አይቻታለሁ።

ቀኑ ደረሰ። አቶ መንግሥቴ ነጭ ጋቢ ለብሰው ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ። ሦስቱ በአንድ ወገን አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ካሤ ከማዶ ብቻውን። እኔ በር ላይ ዱካ ተሰጥቶኝ ተቀመጥሁ። የፍየል ወጥ በትሪ ቀርቦ ጠረጴዛው መሀል ላይ ዐረፈ። ተባረከ። እንግዶቹ እጃቸውን ዘረጉ። አልደረሰም። አቶ መንግሥቴ ክንዳቸው ረጅም ነው፤ እሳቸውም አልደረሱ።

«አቶ ካሤ፣ ያጨነው ልጅቱን መስሎኝ! ለወጡም ሽማግሌ ይላክ?»

ተሳቀ። ትሪውን ወደነሱ ሳቡት። ይሄኔ በካሤ በኩል ያለው የጠረጴዛ ጫፍ ብድግ አለ። ካሤ አየው። ቀስ ብሎ ሁለት ክርኑን ጫነበትና ፈገግ አለ።

እነሱ ይበላሉ፤ እሱ ክርኑን ተጭኖ ፈገግ ይላል።

«ይብሉ እንጂ አቶ ካሤ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«እናንተ ስትበሉ እኔ ጠገብሁ።»

«ጾመኛ ነዎት እንዴ?»

«ፈርተውን ነው» አሉ ሌላው።

አቶ መንግሥቴ ይሄኔ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። «እንግዲያማ ከኔ እጅ ይብሉ። ቤታችን አንድ ይሁን!»

የአማች ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ እምቢ ማለት ልጅቱንም እምቢ ማለት ነው። ካሤ አፉን ከፈተ። አንገቱን አስረዘመ። ጉርሻው አልደረሰም። ዞር ብሎ አየኝ። ምን እንደፈለገ አልገባኝም፤ ፈገግ አልሁለት።

ክርኑን አንሥቶ ቆመ።

ጠረጴዛው ወደ እንግዶቹ ተጋደመ። ትሪው ተንሸራቶ አቶ መንግሥቴ ጭን ላይ ዐረፈ፤ ወጡ ጋቢያቸው ላይ ወረደ። ጉርሻው ብቻ እጃቸው ላይ ተረፈ።

ካሤ አፉን እንደከፈተ ቆሟል፤ መዝጋቱን ረሳው። ዓይናዲስ ሮጣ መጥታ ተንበርክካ ጋቢውን በነጠላዋ ትጠርግ ጀመር። «የኔ ጥፋት ነው፤ ፎቶውን ያሳየሁት እኔ ነኝ» እያለች ታለቅሳለች። ካሤ ይሄን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ወፍጮው ጣቱን የቆረጠው ቀን አብሬው ነበርሁ፤ ያን ቀን እንኳ እንዲህ አልሆነም።

«ተይ ልጄ፣ ተነሽ» ብለው አቶ መንግሥቴ በክንዷ አነሧት።

ድስቱ ውስጥ የተረፈ የለም፤ ወለተ ሰንበት ያላትን ሁሉ ትሪው ላይ ገልብጣዋለች። ካሤ መሬት መሬቱን እያየ «ሆቴል እንሂድ፤ ግብዣው የኔ ነው» አለ።

ሄድን። ጥብስ ታዘዘ። የሆቴሉ ጠረጴዛ ጠባብ ነው፤ የሁሉም እጅ ደረሰ። ካሤ አንዴ ጎርሶ እሱኑ ሲያላምጥ ቆየ። አቶ መንግሥቴ ጋቢያቸውን አውልቀው በኮት ብቻ ተቀምጠዋል።

«ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ይሁን» አሉ። ቀጥለውም «ልጅቱን እንወስዳለን። ጠረጴዛው ግን እርስዎ ጋ ይቅር፤ የኛ አገር ዳገት ነው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ካሤም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «እሺ» አለ ብቻ።

እንግዶቹ ሊታጠቡ ሲነሡ ፈጠን ብሎ አስተናጋጇን ጠራት።

«ሂሳብ።»

«ተከፍሏል፣ ጋሼ።»

«ማን ከፈለ?»

በአገጯ ወደ መታጠቢያው ጠቆመች። አቶ መንግሥቴ ጀርባቸውን ሰጥተው እጃቸውን ይታጠባሉ።

«መልሽላቸውና ከኔ ተቀበይ» አላት በሹክሹክታ፣ ብሩን እየዘረጋ።

«እንዳትቀበይው ብለውኛል» አለችውና ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ሄደች።