ሞዴሌ ያላወቀው የቀፊራ ተራ

ዛሬ ቀፊራ ገበያ መብራት ሲመጣ ማንም ወደ ፍሪጁ አልሮጠም።

እኔ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጥኩት ሁሉም ሰው እኩል ያበራል ብዬ ነው።

ለማታውቁ፣ የማስተርስ ጥናቴ የከተማችን መብራት ከጠፋ በኋላ እንዴት እንደሚያገግም በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት ነው። መብራት ሲመለስ ፍሪጁም ቬንትሌተሩም አንድ ላይ ስለሚነሳ ትራንስፎርመሩ አይችልም፣ መልሶ ይጠፋል። ሞዴሌ የቀፊራን የሱቅ ረድፍ ሁሌ መልሶ ያጠፋዋል። እውነተኛው የመብራት መዝገብ ላይ ግን አንዴ ከመጣ አይጠፋም።

አማካሪዬ "ስህተትህን ፈልግ" ብለውኛል። የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ደርሷል፣ እኔ ግን መፈለጉም ሰልችቶኛል።

ዛሬ ሙቀቱ ሲብስብኝ ውሃ ልገዛ፣ አክስት እንደማለት ኤዶ የምንላቸው ሆዳን ሱቅ ገባሁ። ወዲያው መብራት መጣ። ኤዶ አምፖሉን ቀና ብለው አዩና ቁጭ አሉ።

"ኤዶ፣ ፍሪጁን አያበሩትም?"

"ሰብር አድርግ አቦ። ተራ አለን። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ፣ የስኳር መርፌ አለበት። ከዛ ወተት ሻጮቹ፣ ከዛ እኔ። አንድ ጊዜ ሁላችንም እኩል አብርተን ስንት ፍሪጅ ተቃጠለ።"

ሦስት ወር። ለካ ሞዴሌ ውስጥ ጎረቤት ከጎረቤት አይነጋገርም።

አማካሪዬ "ምንጭህ ምንድን ነው?" ማለታቸው አይቀርም። "ኤዶ ሆዳን፣ ውሃ ሻጭ" ብዬ እጽፋለሁ፣ የፈለጉትን ይበሉ።

የኤዶ ተራ ስላልደረሰ የሸጡልኝ ውሃ ሙቅ ነበር። ጠጣሁት።

እስቲ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰፈር መብራት ሲመጣ የምታስቀድሙት ማንን ነው?