ኳሷ ጉልበቷን ከየት አመጣችው?

መምህሯን ተማሪዎቿ ከጀርባዋ «ፊውዝ» ይሏታል፤ ቶሎ ስለምትቃጠል። ስሙን ታውቀዋለች። ያወጣው ሰው ፊዚክስ የገባው መሆኑ ትንሽ ያጽናናታል። ዕድሜዋን የጨረሰችው ቧንቧው በሚያንጠባጥብ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሽቦ ስትቀጥልና ተማሪ ስትቆጣ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳያዛት ጎበዝ ጎበዞቹን ሰብስባ ለአገር አቀፉ የሳይንስ ቡድን ማጣሪያ ፈተና ታዘጋጃቸዋለች። ማጣሪያውን ያለፈ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ይማራል፤ ቀልድ አይደለም።

አንድ ሕግ አላት፤ «መጀመሪያ ጥያቄው ራሱ ልክ መሆኑን እዩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።» ሁሉም ይሰሙታል፣ ሁሉም ይረሱታል። ያልረሳችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ የመምህሯን ቆሽት ያሳረረችውም እሷው ናት።

ልጅቱ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ ናት። በየጥያቄው ላይ «ቆይ፣ ቆይ» ስለምትል ጓደኞቿ «ቆይ» ብለው ሰይመዋታል። መምህሯ እንደሷ ያለ ጭንቅላት አይታ አታውቅም፤ እንደሷ ያለ ግትርም እንዲሁ። የመጨረሻ ክፍል ስለደረሰች ከዘንድሮ ሌላ የመፈተን ዕድል የላትም፤ እናቷም ከፍላ የማስተማር አቅም የላትም።

የፈተናው ቀን መምህሯ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ልጅቱ ከሁሉም መጨረሻ ወጣች።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?»

«ቲቸር፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ስህተት ነው! ኳሷ ከተዳፋት ላይ ተንከባላ ወረደች ይላል፤ ታች ስትደርስ ግን ከላይ ስትነሳ ከነበራት ጠቅላላ ጉልበት የበለጠ ጉልበት አላት። ከየት አመጣችው?»

«እና ትተሽው አለፍሽ።»

«አይ፣ ሊሆን እንደማይችል አረጋገጥኩ። በሦስት መንገድ።»

«ሌሎቹን ጥያቄዎችስ?»

«ሰዓቱ አለቀ።»

መምህሯ ጨርቋን ልትጥል ምንም አልቀራት። «ለኳሷ ምን አስጨነቀሽ? የአክስትሽ ልጅ ናት?»

ውጤቱ ሲለጠፍ ከትምህርት ቤቱ ያለፈው «ረጅሙ» የሚሉት ልጅ ብቻ ነበር። መምህሯ በቀጥታ ወደ ፈተና ቢሮ ሄደች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለው ኃላፊ በፈገግታ ተቀበላት።

«ተማሪዎ ልክ ናት። እሷ በዚያ መልክ ባታስረዳን ኖሮ ስህተቱን አናየውም ነበር። ጥያቄውን ሰርዘነዋል።»

«ተመስገን!»

«ማርኩንም ለሁሉም ሰጥተናል።»

«ለሁሉም? ባዶውን ለተወውም?»

«ለሁሉም። እሷም እኩል አግኝታለች፤ ሌሎቹን ስላልሠራች ግን አላለፈችም። ደንብ ነው፣ እህቴ።»

«የተሳሳታችሁት እናንተ፣ የወደቀችው እሷ! ይሄ ምን የሚሉት ደንብ ነው?»

ለያዥ ለገናዥ አስቸገረች። ሰውየው ውሃ አቀረበላት። ውሃው ሳያንስ ደግሞ የልጅቷን መልስ ለጥያቄ አውጪዎች ማሠልጠኛ ቢጠቀሙበት ቅር ይላት እንደሆነ ጠየቃት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አጩሃ አስቀምጣ ወጣች።

ልብስ ሰፊዋ ቤት ስትደርስ እናትየው ሥራ ልታደርስ ወጥታለች። ልጅቱ ሲንጀር የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ በእጇ ቁልፍ ትተክላለች። መምህሯ ሰላምታውንም ሳትጨርስ ሁሉንም ዘረገፈችው።

«ምናለ ትተሽው ብታልፊ? ረጅሙ ባዶውን ትቶ አለፈ እኮ!»

የልጅቷ መርፌ ቆመ። «ትቼው ላልፍ ነበር። ፈታኙን ጠርቼ ስነግረው ‹ዝም ብለሽ ሥሪ› አለኝ። ረጅሙ ደግሞ ከፊቴ ተቀምጦ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። ሁሉም እንደሱ ነበሩ። ‹ስህተት ነው› ብዬ ብቻ ብጽፍ ማን ይሰማኛል? ሙሉ ማስረጃ ካላገኙ አይሰርዙትም ብዬ ነው። ሌሎቹን እደርስባቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

«አንቺን ማን ወከለሽ?»

«ማንም።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ዓይኖቿ ቀልተዋል። «ግን እሱ አለፈ አይደል ቲቸር? እንግዲያው አልከሰርንም።»

«እኔ ከስሬያለሁ!» ብላ ጮኸች መምህሯ። የቀረውን ቁጣ ልታወርድባት አፏን ከፈተች፤ የመጣው ግን ልቅሶ ነበር። ተማሪ ፊት አልቅሳ አታውቅም።