ባዶ ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ

የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ነገዶች የምንባለውን የጣና ዳር ወገኖቻችንን ኑሮ በፊልም ሲያነሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ነበረቻቸው፦ «ካሜራው ባዶ ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ።» ሰው ካሜራ ሲያይ እንዳይገተር ብለው ነው። ባዶ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በደርግ ጊዜ አንድ ቀን ጣና ዳር አባቴ ደንገል አስሮ ታንኳ ሲሠራ ሲያነሱት፣ የቀበሌ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቦ መጣ። ልጄን እንዳዘልሁ ወደ አባቴ ተጠጋሁ።

«ምንድን ነው የምታነሳው?»

አጎቴ ዞር እንኳ ሳይሉ ልማዳቸው አመለጣቸው፤ «ባዶ ነው፣ ሥራህን ሥራ!»

«ባዶ ከሆነ ክፈተው!»

ከተከፈተ ብርሃን ገብቶ ፊልሙን ያበላሸዋል። አባቴ ከደንገሉ ቀና አለና፣ «ተወው እባክህ፣ በባዶ ዕቃ ሲጫወት ያረጀ ሰው ነው!» አለው። ጥበቃው ስቆ ሄደ።

አጎቴ ፊልሙን አሳጥበው በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጡት። የፊልም ማሳያ መሣሪያ ስላልነበረን ሳናየው ቀረን። እኔም የሐይቁ እርጥበት በላው እያልሁ ስሰጋ ኖርሁ።

አሁን አጎቴ አርፈው ሰደቃቸው ከወጣ በኋላ ልጄ ማሳያ ተውሶ ግድግዳው ላይ አሳየን። ተመስገን፣ አልተበላሸም! ድምፅ የለውም። አባቴ ደንገሉን በጉልበቱ ተጭኖ ሲያስር ቆየና ድንገት ወደ እኛ ቀና ብሎ ሳቀ። አጎቴ ምን እንዳሉት ስለምናውቅ ሁላችንም አብረነው ሳቅን። ዞር ብዬ እሳቸውን ብፈልግ ቦታቸው ባዶ ነው። ፊልሙ ግን ሙሉ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው።